«ማን ነህ? ውጣ!» — ሾርት ፊልም ልሠራ ነው፣ ሐዋሳ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

የሐይቅዳር_ልጅ · ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ዓመታት አንብቤያለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ ቸግሮኝ ነው።

15 ደቂቃ የማይሞላ ሾርት ፊልም ልሠራ ነው። ከደሞዜ ያጠራቀምኩት 80 ሺህ ብር አለኝ። ስፖንሰር የለም። ታሪኩም የራሴ ነው።

በልጅነቴ ልምሻ መቶኛል። ቀኝ እግሬ ቀጭን ነው፣ በብረት ነው የምሄደው። ያደግኩት እዚሁ ነው፤ ያኔ «አዋሳ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሰፈር ውስጥ ስሜ «መፃጉዕ» ነበር። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በዚህ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ፤ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ሰው የሚታሰብበት ነው። የዚያን እሑድ ልጆቹ «እንኳን አደረሰሽ፣ በዓልሽ ነው» ይሉኛል። እኔ እስቃለሁ። እናቴ አትስቅም። እሷን የሚጠይቋት ሌላ ነው፤ «ምን አድርገሽ ነው?»

ስምንት ዓመቴ ላይ ራቅ ያለ ቦታ ጸበል ወሰደችኝ። የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ጉዳዬ ከቦታው ጋር አይደለም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን አዝላኝ ሄደች። ወሩ ጥር ነው። አጥማቂው ግንባሬን በመስቀሉ ጫን አድርጎ «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» አለ። ስሜን ነገርኩት። አልተቀበለኝም። ሌላ ባልዲ መጣ። እንደገና ጠየቀኝ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ስትጮህ የሰማሁትን ስም ተውሼ ተናገርኩ። ሰው እልል አለ። «ትወጣለህ አትወጣም?» «እወጣለሁ።» እናቴ አነሳችኝ፣ አቆመችኝ፣ ለቀቀችኝ። ወደቅኩ።

ፊልሙ ይሄና ወደ ቤት የተመለስንበት መንገድ ነው። እናት ጋኔኑ ዋሽቶ የቀረ ይመስላታል። የዋሸችው ግን ልጅቷ ናት፣ እሱን ደግሞ ለማንም መናገር አትችልም።

የቸገረኝ ነገር ልጅቷን ማን ይሥራት? የጸበሉን ትዕይንት የት ልቅረጸው? ደግሞ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ልምሻ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ዶክተር አለ። እሱ ላይ ልቤ አልቆረጠም።

---

ካሜራ_ሞላ · ኅዳር 9

እህቴ፣ ዶክተሩን ዛሬውኑ አባሪው። እሱ የገባ ቀን ፊልምሽ የጤና ቢሮ ማስታወቂያ ይሆናል። ልጅቷ «እወጣለሁ» ካለች በኋላ ማንም ምንም ማስረዳት የለበትም።

እኔ ሠርግ ነው የምቀርጸው፣ ግን ሐዋሳን በካሜራ አውቃታለሁ። የመመለሻውን መንገድ ሐይቁ ዳር ካሰብሽው ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጨርሺው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ነጭ ይሆናል፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ አያስቆምም። አሞራ ገደል አካባቢ ከሆነ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) ፍሬም ውስጥ ዘው ብለው ይገባሉ። አታባሪያቸው። እንደነሱ ያለ ተዋናይ በገንዘብ አይገኝም።

ቤት ውስጥ በአምፖል ከቀረጻችሁ የካሜራውን የሻተር ፍጥነት 1/50 ላይ አድርጉት። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ካልሆነ ስክሪኑ ላይ መስመር እየሠራ ይንቀጠቀጥባችኋል። ይሄን የተማርኩት የሰው ቅልቅል አበላሽቼ ነው።

---

አፍሮ_ሰባት · ኅዳር 9

ፈረንጅ የሚወደው ታሪክ። «ኋላቀር አፍሪካውያን ልጃቸውን በውሃ ሲያሰቃዩ»። ፌስቲቫል ይወስደዋል፣ እኛ እንሰደባለን።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · ኅዳር 9

ወንድሜ፣ ገንዘቡ የራሴ ነው አልኩ እኮ። እናቴ ደግሞ አላሰቃየችኝም። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ናት። ፊልሙ ውስጥ ከእኔ ይልቅ የምታሳዝነው እሷ ናት።

---

ዘታቦር · ኅዳር 10

እኅቴ፣ ዲያቆን ነኝ። መጀመሪያ ርዕሱን ሳየው ተናድጄ ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። በጸበል የዳነ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጸበልን የሚያፌዝበት ፊልም ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሁለት ጊዜ ሳነበው ግን የገባኝ ሌላ ነው። አንቺን የጎዳሽ ውሃው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ሕዝባችን ለመፃጉዕ የተነገረውን «ዳግመኛ እንዳትበድል» የሚለውን ይይዝና በሽታ ሁሉ የበደል ደሞዝ ነው ይላል። እዚያው ዮሐንስ ወንጌል ላይ አራት ምዕራፍ አልፎ ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይኸንኑ ጠይቀዋል፤ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? መልሱ ሁለቱም አይደሉም የሚል ነው። እናትሽን «ምን አድርገሽ ነው?» ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ምዕራፍ በዓመት አንዴ ቆሞ ይሰማዋል። ይሰማና ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጸበልና ሕክምናም አይጣሉም። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ያኔ መድኃኒቱን አቋርጦ የሚሞት ብዙ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ልብ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?

---

የሐይቅዳር_ልጅ · ኅዳር 10

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ምዕራፍ 9 አራት ምዕራፍ አልፎ» ያሉት ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሥዕሉ እኮ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር! ከአልጋዬ ፊት ለፊት። ስድስቱን ክንፍ ቆጥሬ ነው የምተኛው። አሁን እርስዎ ሲሉኝ ነው… በአንድ እግር ነው የቆሙት። ሌላው ተቆርጦ ከጎን አለ።

ይሄን ሁሉ ዘመን እግሩን አላየሁትም።

---

ዘታቦር · ኅዳር 10

ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተቆረጠ፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆሙ ይላል ገድሉ። ወር በገባ በ24ኛው ቀን ሰው የሚሰግድለት፣ የሚሳለመው ሥዕል ነው። ከሰገደ በኋላ ደጃፉ ላይ ክራንች የያዘች ልጅ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በሥዕሉ ጨርሺ ማለቴ አይደለም። ግን ግድግዳው ላይ ይኑር።

---

ካሜራ_ሞላ · ኅዳር 10

ዲያቆን ሥራዬን ወሰዱብኝ 😄 ግድግዳው ላይ ይኑር፣ ካሜራው ግን አይጠጋው። የሚያይ ያየዋል።

---

ሃሌሉያ_ሠፈር · ኅዳር 11

የኦርቶዶክስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ክራንች ተጠቃሚ ነኝ። 16 ዓመቴ ላይ አንድ ትልቅ ኮንፈረንስ መድረክ ላይ አወጡኝ። ጸሎት ተደረገልኝ። ክራንቼን ከእጄ ተቀብለው ወረወሩት። ሕዝቡ አበደ። ሁለት አስተናጋጆች ከግራና ከቀኝ ይዘውኝ አምስት እርምጃ ያህል ተራመድኩ፣ ማለትም ተሸከሙኝ። ከመድረኩ ኋላ ሲያስቀምጡኝ ክራንቼን ፈልጎ የሚያመጣልኝ ሰው ጠፋ። ሕዝቡ ተበትኖ እስኪያልቅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሽንቴ መጥቶ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲያዩኝ «እምነትህ አነሰ» አሉኝ። ያንቺ ጋኔን ዋሸ፣ የኔ እምነት አነሰ።

---

ኑሩ_መናኸሪያ · ኅዳር 11

አሰላሙ አለይኩም። የኔ ታናሽ ወንድም ዓይነ ስውር ነው። «ቤታችሁ ውስጥ ሐራም ገብቶ ነው» ያሉን ጎረቤቶች አሉ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሁልጊዜ የሚመልሰው በቁርአኑ ምዕራፍ በሱረቱል ዐበሰ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሚ መክቱም መጥቶ ሲያቋርጣቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ወቀሳው የወረደው ስለ እሱ ነው። ይኸው ሰው በኋላ መዲና ላይ ከቢላል ጋር አዛን የሚል ሆኗል። አባቴ «ያኔ የተኮሳተረው ፊት ከተወቀሰ፣ የናንተ ምን ሊባል ነው» ይላቸዋል። ዝም ይላሉ። ሐሜቱ ግን አይቆምም።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንድሜን ይዤው እመጣለሁ። በድምፅ የሚተርክለት አድርጊለት።

---

እናት_ነኝ · ኅዳር 13

ልጆቼ፣ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ሲጥለው ሰው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያደርጋል፣ ጭሱ ያስወጣዋል ብሎ። አንድ ጊዜ ከንፈሩን አቃጥለውታል። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይነካው ይሸሻል፣ አረፋው ይተላለፋል ብሎ። ሁለቱም ዓይነት አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ አጋጥሞኛል።

በጎን ማስተኛት ነው። አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ይባላል፣ ውድ አይደለም፣ በየቀኑ ነው። ጸበሉንም አልተውኩም፣ መድኃኒቱንም አልተውኩም።

ያንቺን እናት አውቃታለሁ። አላየኋትም ግን አውቃታለሁ። ፊልሙ ላይ ክፉ አታድርጊያት።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · ኅዳር 13

እትዬ፣ አላደርጋትም። ቃሌ ነው።

---

ፊዚዮ_ነኝ · ኅዳር 16

ዘግይቻለሁ ግን አንድ ሁለት ነገር። ልጅቷን ማን ይሥራት ብለሽ ነበር። ያንቺ ዓይነት እግር ያላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ በቀላሉ አታገኚም፣ ደግሞ እሰይ ነው። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የልምሻ ቫይረስ ነፃ የተባለችው በነሐሴ 2020 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ምላስ ላይ የምትንጠባጠበዋ ክትባት ነች ይሄን የሠራችው። እኔ የማያቸው ልጆች ሌሎች ናቸው። ለትኩሳት ተብሎ መቀመጫቸው ላይ ያለ ቦታው መርፌ ተወግተው ትልቁ የእግር ነርቭ የተጎዳባቸው አሉ። እግራቸው መዳፉ ይወድቃል፣ ሲራመዱ ጉልበታቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ለካሜራ ይቀርባል። ግን ጤነኛ ልጅ እንድታነክስ አታስተምሪ፣ እባክሽ። ያስታውቃል። ያሳፍራልም።

ሌላው፣ ልምሻ የሚጎዳው እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች ነው። ስሜትን አይነካም። እግሩ አይታዘዝም እንጂ ሁሉም ነገር ይሰማዋል። ደም በደንብ ስለማይዞርበት እንዲያውም ከሌላው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ተዋናይዋ ይሄን ብታውቅ ጥሩ ነው።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · ኅዳር 16

ዶክተሩን ያባረርኩት እርስዎ እንዲመጡ ነው ማለት ነው 🙂

እውነት ነው። ሰው ሁሉ «የሞተ እግር» ነው የሚለው። እናቴም እንደዚያ ነው የምታስበው። ስለዚህ ውሃውን አብዝተው የሚያፈሱት እዚያው እግር ላይ ነበር። የማይሰማው መስሏቸው።

---

ጂጂ_ሲዳማ · ኅዳር 17

ሐዋሳ ላይ ተቀርጾ ሁሉም ሰው ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ የሚያወራበት ፊልም ሰልችቶናል። ቢያንስ ጎረቤቷ በሲዳምኛ ታውራ። እናትሽን የሚያጽናና አንድ ሰው ካለ እሷ ትሁን።

---

ድምፅ_ሚክሰር · ኅዳር 18

ማንም ስለ ድምፅ አላነሳም፣ እንደተለመደው። ታሪኩ ወደ 1987 ዓ.ም. አካባቢ ነው አይደል? ያኔ ከተማው ውስጥ ጋሪና ሳይክል ነበር እንጂ ባጃጅ የለም። አንድ ባጃጅ ከሩቅ «ጥርርር» ካለ ዘመኑ ፈረሰ። ሌሊት ቅረጹ። ወይ ውይይቱን በኋላ ቤት ውስጥ ቅዱት። ላፔል ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካው) ልጅቷ ላይ ውሃ ስለሚፈስ አይሆንም፤ በዘንግ ከላይ ያዙት። ለገብርኤል ንግሥ ሳምንት ደግሞ ጨርሶ አታስቡት፣ ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ላይ ድምፅ መቅዳት እብደት ነው።

ድሮን ካማራችሁ ከኢንሳ (የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ ፊልም አያስፈልጋችሁም ደግሞ።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · ጥር 21

ሰላም! ጠፋሁ። ቀርጸን ጨረስን።

ልጅቷን አገኘናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፊዚዮ እንዳሉት የመርፌ ጉዳት ነው። ስሟን አልጽፍም። እናቷ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከካሜራው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያለሷ አንድም ነገር አልቀረጽንም። ውሃውን በፔርሙስ እያሞቅን ነው ባልዲ ውስጥ የጨመርነው። እንፋሎቱ እንዳይታይ ካሜራ ሞላ ሲሳደብ አደረ። «ማን ነህ?» የሚለውን ሰውዬና ልጅቷን አንድ ላይ አልቀረጽናቸውም። እሱ ለባዶ አየር ይጮሃል። እሷ ለኔ ነው የምትመልሰው፣ እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ «ማን ነሽ?» እላታለሁ። ኤዲቲንግ ላይ ይገጣጠማል።

ጸበል ቦታ አልሄድንም። ታቦር ተራራ ሥር የዘመድ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ደርድረን ሠራነው። ዲያቆን ዘታቦር የተባረከ መስቀል ለትወና እንዳንጠቀም ነገሩን፤ ከገበያ ያልተባረከ ገዛን። አንድ ሌሊትም መጥተው ቆመው አዩ። «ቀሚሱን እንዲህ አይለብስም» ብለው አስተካከሉልን። ሌላ ምንም አላሉም።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ተፈጠረ። ውሃው ሲመጣ ልጅቷ ቀኝ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችው። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ማንም አላላትም። ካሜራ ሞላ «ድገሚው» ሊል ሲል ክርኑን ያዝኩት። ከሁሉ የተሻለው ያ ነው።

---

ካሜራ_ሞላ · ጥር 21

ክርኔ አሁንም ያመኛል።

ብሩስ? ለሚጠይቁ፣ 80ው አልበቃም። አብዛኛው ያለቀው በምግብና በትራንስፖርት ነው። እኔ የተከፈለኝ በአሳ ነው።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · የካቲት 30

ለማሳያ የተስማማነው አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ተገኘ። ሊፍት የለውም። ስለ አካል ጉዳተኛ ፊልም፣ ሦስተኛ ፎቅ! ባለቤቱን የሕንፃ አዋጁ አካል ጉዳተኛ መግባት እንዲችል ያዛል ስለው «አራት ልጆች እናዘጋጃለን፣ ይሸከሙሻል» አለኝ። በልጅነቴ በቂ ተሸክመውኛል። ቀብዱን ትቼ ወጣሁ።

አሁን የአንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ በነጭ አንሶላ ላይ እናሳያለን። ሜዳ ነው። ለኑሩ ወንድም አጠገቡ ተቀምጣ የምትተርክለት ልጅ አለች። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ተገኝቷል። እትዬ እናት ነኝ፣ ልጅዎን ይዘው ይምጡ። ክብሪት የሚጭር ሰው በር ላይ እናስቀራለን።

---

ሃሌሉያ_ሠፈር · የካቲት 30

እመጣለሁ። ክራንቼን ግን ለማንም አልሰጥም 😄

---

ዘታቦር · መጋቢት 2

የማሳያው ቀን ከመፃጉዕ እሑድ ማግስት መሆኑን አስበሽ ነው?

---

የሐይቅዳር_ልጅ · መጋቢት 2

አስቤ ነው። በዓሌ አይደል።

---

እናት_ነኝ · መጋቢት 19

ልጄ፣ አየነው። ልጄ ሳይጥለው እስከ መጨረሻ ተቀምጦ አየ። እኔ ግን ዓይኔ ያንቺን እናት ሲፈልግ ነበር። አልመጣችም እንዴ?

---

የሐይቅዳር_ልጅ · መጋቢት 19

እትዬ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት አልመጣችም። በማግስቱ ቤት ሄጄ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን አራቅ አድርጋ ይዛ። «እወጣለሁ» የሚለው ላይ ምንም አላለችም። የውሸቱን ነገር 30 ዓመት ፈርቼው የኖርኩት ነው፣ እሷ ግን አለፈችው። ልጅቷ እግሯን የሳበችበት ቦታ ላይ ስልኩን በጣቷ ነክታ ልታቆመው ሞከረች። አላወቀችበትም፣ እኔ አቆምኩላት።

«ይሰማሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ይቀዘቅዝሽ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ተነስታ ቡና ልትቆላ ገባች።

---

ካሜራ_ሞላ · መጋቢት 19

ይሄንን እኮ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ማስገባት ነበረብን። በድምፅ ብቻ። አሁንም አልረፈደም፣ ፋይሉ አለኝ።

---

የሐይቅዳር_ልጅ · መጋቢት 19

አይ። እሱ የእሷ ነው።